ብሎን የሌለው አልጋ

የዚያ ቤት መኝታ ክፍል በር አልነበረውም። ድሮ ነበረው። አናጢው ባገባ በዓመቱ አንድ ሰፊ ቁምሳጥን አላልፍ ቢለው፣ በሩን ከነማጠፊያው ነቅሎ ጓሮ ወዳለው መሥሪያው ወሰደና በሁለት እግሮች ላይ አጋድሞ የሥራ ጠረጴዛ አደረገው። «ነገ እመልሰዋለሁ» አለ። ያ ነገ ሳይመጣ ሴት ልጃቸው ተወልዳ፣ አድጋ፣ ተድራ ወጣች። በበሩ ቦታ መጋረጃ ተሰቀለ። መጋረጃ ደግሞ አይንኳኳም፤ ይገለጣል እንጂ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ የሴትዮዋ ንዴት ከዚህ መጋረጃ ነው የሚጀምረው።

ሴትዮዋ የአናጢው ሚስት ናት። የምትሠራው በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው አንሶላ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ስታጥፍ ትውላለች። የታመመ ሁሉ ተኝቶ የሚድንበትን አንሶላ እጇ ያውቀዋል። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ምን ላይ እንደምትተኛ እርግጠኛ ሆና አታውቅም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ጠዋት ጥላው የወጣችው አልጋ ማታ ላይኖር ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አናጢው እጁ የተባረከ ይሁን እንጂ ሱቅ የለውም። መሥሪያው ጨለማ ነው፤ ወለሉን ሰጋቱራ፣ ግድግዳውን የሸረሪት ድር ወርሶታል። «እንጨት ሰጋቱራ ውስጥ አያምርም» ይላል። ስለዚህ የሠራውን አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ኮመዲኖ ሁሉ የራሱ መኝታ ክፍል ውስጥ ይገጥመዋል። ደንበኛ ሲመጣም «ግቡ፣ ግቡ፣ ቦታው ላይ ሆኖ እዩት» እያለ መጋረጃውን ይገልጣል። ደንበኛው ያያል፣ ይወዳል፣ መኪና ያመጣል። አልጋው በኪያቤ ይፈታና ይሄዳል። ሌላ ተሠርቶ እስኪያልቅ ባልና ሚስት ፍራሻቸውን መሬት ላይ አንጥፈው ይተኛሉ። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል የተባለው ለእንደዚህ ያለው ቤት ነው።

መጀመሪያ የተሸጠው የሠርጋቸው አልጋ ነበር። አንድ ሊያገባ የቸኮለ አስተማሪ መጥቶ አየውና ልቡ ተሰቀለ። «ለእሱ ይህን እንስጠውና እኔ ላንቺ ከዚህ የበለጠ እሠራልሻለሁ» አላት አናጢው። አዲስ ሙሽራ ነበረችና የባሏ ሥራ በሰው መወደዱ አኮራት። እሺ አለች። አንዴ እሺ ያለ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅም፤ እሷም ሁለተኛ ተጠይቃ አታውቅም።

ጎረቤት ሳቀባት። «የእናንተ ኑሮ አልጋ በአልጋ ነው» ይሏታል። ደንበኛ መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ያዩ እንደሆነ «አልጋ ወራሽ መጣ!» ብለው ይንሾካሾካሉ። እሷም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብራ ትስቅ ነበር። ኋላ ሳቁ ቀረና ጥርስ መንከሱ ብቻ ተረፈ።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ደግሞ ይህ ነው፦ ደንበኞቹን ያማለላቸው የእሱ እንጨት ብቻ አልነበረም። አናጢው አልጋውን ገጥሞ የትም ያቆመዋል፤ ቦታ ቦታውን የምታስይዘው እሷ ናት። የአልጋው ራስጌ መስኮት ሥር አይሆንም፤ የጠዋት ብርሃን ከግርጌ በኩል ቀስ ብሎ ይመጣል እንጂ ዓይን ላይ አይዘልም። ኮመዲኖው ከፍራሹ እኩል መሆን አለበት፤ ከፍ ካለ ክንድ ያዝላል፣ ዝቅ ካለ ለውሃ የተዘረጋ እጅ ብርጭቆውን ይደፋል። የቁምሳጥኑ በር ሲከፈት አልጋውን እንዳይነካ በክንዷ ለክታ ታርቀዋለች። መስታወት ከአልጋ ፊት ለፊት አታስቀምጥም። «ሰው ሲነቃ መጀመሪያ የራሱን ፊት ካየ ይደነግጣል» ትላለች፣ ባሏን አየት አድርጋ። ከአልጋው አጠገብ ጫማ የሚጠለቅባት አንዲት ዝቅ ያለች በርጩማ ታስቀምጣለች። ከዚያ ውጪ ምንም አትጨምርም። ባዶ ቦታ ማስተዋል ይጠይቃል፤ ሁሉም ሰው ባየው ባዶ ቦታ ላይ ዕቃ ካልቆለለ አይተኛም።

ደንበኛም ገብቶ ዞር ዞር ብሎ «ይሄ ክፍል ገና ሲያዩት እንቅልፍ ያመጣል» ይላል። እንቅልፉን ያመጣችው ሴት መጋረጃው ጋ ቆማለች። ደንበኛው አልጋውን ይገዛና ቤቱ ሲወስደው እንደዚያ አይሆንለትም። ተመልሶ ይመጣል፤ «እዚህ ሳየው ሌላ ነበር» ይላል። ታዲያ አናጢው ምን ያደርጋል? ዓይኑን በጨው አጥቦ «የኔ እመቤት፣ ብቅ በይና አስተካክዪላቸው» ይላታል። እሷም በዕረፍት ቀኗ ሄዳ፣ ከሥሯ የተወሰደውን አልጋ በሰው ቤት አስተካክላ፣ አንጥፋ፣ ትራሱን መታ መታ አድርጋ ትመለሳለች። ቤቷ የሚጠብቃት መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ነው። እኔ ብሆን ትራሱን በደንበኛው አፍ ውስጥ ነበር የምጠቀጥቀው።

አንዴ አንድ ሰውዬ መሳቢያው ሳይንኳኳ ይከፈት እንደሆነ ሊሞክር ሳብ አድርጎት የውስጥ ልብሷን ተደርድሮ አየው። ማፈር የነበረበት እሱ ነው፤ ያፈረችው እሷ ናት። ሌላዋ ከነጫማዋ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ተገላበጠች፣ «ድምፅ አያሰማም፣ ጥሩ ነው» አለች። የታጠበውን አንሶላ ማን መልሶ እንደሚያጥበው አልጠየቀችም። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ዋጠች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ያልወጣው ንዴት ውስጥ ተቀምጦ ጨጓራ ይልጣል።

የዋጠችው ነገር በመጨረሻ በወገቧ በኩል ወጣ። አንድ ቀን እርጥብ አንሶላ ከማሽኑ ጎትታ ስታወጣ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ጓደኞቿ ደግፈው እዚያው ሆስፒታል ሐኪም ጋ አደረሷት። ሐኪሙ አገላብጦ አያትና «አልጋሽ እንዴት ነው?» አላት።

«የትኛው?» አለችው።

ሐኪሙ ሀብታም መሰለችው። ፈገግ አለና ጠንካራና የማይረግብ አንድ አልጋ መርጣ እሱ ላይ ብቻ እንድትተኛ፣ መሬት ላይ ከተነጠፈ ፍራሽም እንድትርቅ አስጠነቀቃት። «ይህን ካላደረግሽ ቀጥ ብለሽ መቆሙን እርሺው» አለ። የሕመም ፈቃድ ጻፈላት። ቤቷ መጥታ ለባሏ ቃል በቃል ነገረችው፣ አልቅሳም አይደለም፣ ጮኻም አይደለም።

አናጢው ደነገጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ ነው ነገሩን የሚያብሰው። ክፉ ቢሆን ድሮ ትታው ሄዳ ነበር። «ያንቺን እሠራለሁ» አላት። «ማንም አይነካውም። እናቴ ትሙት!» እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል። ያኔ ነበር መጠርጠር።

ሠራ ግን። እንዴት አድርጎ ሠራ! ዋንዛውን አብረው መረጡ፤ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እያስገለበጠች ጉጥ ያለበትን አስጣለችው። ራስጌው ላይ አበባ ሊቀርጽ ሲል «አቧራ ማጠራቀሚያ አልፈልግም» አለችው። ለጥ ያለ፣ ሲደገፉት ጀርባ የማይቆረቁር ራስጌ ሆነ። ከፍታውን በእሷ ጉልበት ለካ፤ ጠርዙ ላይ ስትቀመጥ ሁለት እግሯ ሙሉ በሙሉ ወለሉን ረገጠ። ርብራቡ ተቀራርቦ ተደረደረ። ኮመዲኖውን ከዚያው እንጨት፣ ከፍራሹ እኩል አድርጎ ሠራላት። የመጨረሻውን የብርጭቆ ወረቀት እንደ ሁልጊዜው እሷ አሸችው፤ ቫርኒሹን እሷ ቀባችው።

ክፍሉን አስተካክላ ስትጨርስ የሚታይ ነገር ጠፋ፤ አልጋው፣ ኮመዲኖው፣ ቁምሳጥኑ፣ በርጩማዋ፣ ሌላው ፀጥታ ነው። ተኛች። ወገቧ መጀመሪያ አላመነም፤ እንደተወጠረ ቆየ። ከዚያ ቀስ በቀስ ለቀቀ። እንዲያ ያለ እንቅልፍ ከልጅነቷ ወዲህ አግኝታ አታውቅም። ሲነጋ ነቅታ ጣሪያውን እያየች ለብቻዋ ሳቀች። «ለካ ሰው እንዲህ ነው የሚያድረው» አለች።

ደስታዋ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መድኃኒቷን ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ መጋረጃው ተገልጦ አገኘችው። አንዲት ዘናጭ ሴትዮ የቆዳ ቦርሳዋን በርጩማዋ ላይ አኑራ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ ትላለች። አናጢው አጠገቧ ቆሞ ሜትሩን ይጠቀልላል።

«እህቴ፣ ክፍሉን ያሳመርሽው አንቺ ነሽ አሉኝ፤ እጅሽ ይባረክ!» አለች ዘናጯ። «እኔ ከሥራ ስገባ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። ይሄንን ሳየው ግን ተረታሁ። ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። አንቺም መጥተሽ ቦታ ቦታ ታስይዢልኛለሽ፣ እሺ?»

ሴትዮዋ ግን ባሏን ነው ያየችው። እሱ የቫርኒሹን ልስላሴ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው ይመለከት ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዘናጯ እንደወጣች መድኃኒቱን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠች። 

«ሸጥከው?»

«አይታ ወደደችው። ምን ላድርግ?»

«አይሸጥም ማለት አቃተህ? አፍህን ማን ሰፋው?»

«ሌላ እሠራልሻለሁ እኮ። ከዚህም የበለጠ።»

«የበለጠ! ከተጋባን ጀምሮ የምሰማው የበለጠ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሐኪሙ ያለውን አልነገርኩህም?»

«ነግረሽኛል። ጥቂት ጊዜ ታገሺ ነው ያልኩሽ። ምን ያስጮኻል? እንጨት እኮ ነው።»

«እንጨት ነው? የኔ ወገብስ ምንድን ነው? ይሄ ክፍል የኔ ነው ወይስ የገበያ መደብ? ልጄን የወለድኩበትን አልጋ እንኳ የት እንደደረሰ አላውቅም፤ የማን ሰው እንደተኛበት አላውቅም! አንተ ሰውዬ፣ እኔን ደግሞ መቼ ነው የምትሸጠኝ?»

አናጢው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሜትሩን ኪሱ ከተተና «ብሎን ነው፤ ተፈትቶ ይሄዳል፣ ሌላው ደግሞ ተመልሶ ይታሰራል» ብሎ ወጣ። በማግስቱ እንጨት ሊመርጥ ራቅ ወዳለ መጋዘን ሄደ፣ ቅዳሜ ረፋድ እመለሳለሁ ብሎ።

እሷ ቀረች፣ ከብሎኖቹ ጋር። ቁጭ ብላ አየቻቸው። በየማዕዘኑ፣ ጎኑ ከእግሩ በሚጋጠምበት ቦታ፣ ክብ የብረት ራሳቸውን አውጥተው ይታያሉ። የአናጢው ኩራት እነሱ ናቸው፤ «የኔ አልጋ በአንድ ኪያቤ ይፈታል» ይላል ለደንበኛ። ስንት አልጋ አሸች፣ ስንቱን ቀባች፣ ሁሉም ገና ሲሠራ መሄጃው ተበጅቶለት ነበር። ያኔ ገባት። የተናደደችው በሰውዬው ብቻ አልነበረም፤ በእነዚህ ብረቶች ነው። ደሟ ፈላ። ተነሥታ መሥሪያው ገባችና ኪያቤውን፣ መዶሻውን፣ መጋዙንና የኮላውን ጣሳ ይዛ ተመለሰች።

ወገቧ እያቃሰተ ፈታችው። የጎኑን ምላስ ከእግሩ ቀዳዳ አውጥታ ኮላ አጠጣችው፤ ቆጥባ አይደለም፣ እስኪፈስ ድረስ። መልሳ ከተተችና በዚያው በብሎኑ ጥርቅም አድርጋ አሰረችው። ለመጨረሻ ጊዜ ብረቱ ለእሷ ሠራላት። የፈሰሰውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፤ ንዴት ያለበት ሥራም ቢሆን ንጹሕ መሆን አለበት። ሲደርቅ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አወጣች፣ በየቀዳዳቸው ኮላ የተቀባ የእንጨት ችንካር በመዶሻ አስገባች፣ የተረፈውን ጫፍ በመጋዝ ቆርጣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች። ቫርኒሽ ደረበችበት። ብሎኖቹን በጓሮ ባለው መጸዳጃ ጉድጓድ ጨመረቻቸው። ሲወድቁ ያሰሙት ድምፅ ደስ አሰኛት። ከዚያ ሄዳ ተኛች፤ ወገቧ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር፣ ግን ተኛች።

ቅዳሜ ረፋድ ዘናጯ ፒክአፕና ሁለት ተሸካሚዎች ይዛ መጣች። አናጢውም ከመንገዱ ደርሶ ነበር። መጋረጃው ተገለጠ። ሴትዮዋ ኮመዲኖው ላይ ሻይዋን አኑራ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ ሁለት እግሯ ወለሉን ረግጦ።

«ተነሺ እንጂ፣ ሰዎቹ ሥራ አላቸው» አላት ባሏ።

ተነሣች። ግድግዳውን ተደገፈችና «ቀጥሉ» አለች።

አናጢው ኪያቤውን ይዞ ጎንበስ አለ። ማዕዘኑን በእጁ ዳበሰ። ወደ ሌላው ማዕዘን ሄደ፣ ዳበሰ። ተንበርክኮ ከሥር አየ። «ብሎኖቹ የታሉ?» አለ ቀስ ብሎ።  ተሸካሚዎቹ ፍራሹንና ርብራቡን አንሥተው ባዶውን አልጋ እንዳለ ለመውሰድ ሞከሩ። በጎኑ አዞሩት፤ እግሩ በኮሪደሩ ግድግዳ ተያዘ። በራስጌው አቆሙት፤ ጣሪያው ከለከለው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው። አልጋው ወይ ፍንክች! ላብ በላብ ሆነው መልሰው አስቀመጡት፣ እሷም ርብራቡን ደርድራ፣ ፍራሹን ገፍታ ተቀመጠችበት።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» አለች ዘናጯ።

«አልጋ ነው» አለቻት ሴትዮዋ። «የኔ አልጋ። ማንም አልነገረሽም፤ አንቺም አልጠየቅሽም። ቦርሳሽን የኔ በርጩማ ላይ ስታኖሪ ማን የሚቀመጥበት መሰለሽ?»

ዘናጯ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር አስገባች። አናጢው ግን ፊቱ ቀላ፣ ጠቆረ። በሰው ፊት ተዋረደ። ሮጦ ወጣና ትልቁን መጋዝ ይዞ ተመለሰ። ተሸካሚዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ።

ሴትዮዋ በጀርባዋ ተንጋለለች። «ቁረጥ» አለችው። «የፈለግከው ጋ ቁረጥ። ግን እዚሁ ተኝቼ ነው የምትቆርጠው። አንድ ቀን እንኳ ስተኛ አይተኸኝ አታውቅም፤ ዛሬ እየኝ!»

አናጢው መጋዙን መጋጠሚያው ላይ አሳረፈ። አውራ ጣቱ፣ እንደ ልማዱ፣ መስመሩን ዳበሰ። ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት የለም። ችንካሩ ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ነው የገባው። በሥራ ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ሆኖ የተያዘ አልጋ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ቀና ብሎ አያት።

«ኮላው እስኪደርቅ በምን ያዝሽው?»

«በራስህ ብሎን።»

መጋዙን አነሣ። ለዘናጯ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፣ ይሄ አይሸጥም» አለ። አሁን ገና ከአፉ ወጣች፣ ያቺ ቃል። ዘናጯ እያጉረመረመች፣ ተሸካሚዎቹ አፋቸውን ይዘው እየሳቁ ሄዱ። ፒክአፑ ባዶውን ተመለሰ።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። አናጢው ግቢው ውስጥ ብዙ ቆመ። ከዚያ መሥሪያው ውስጥ የዕቃ መውደቅ፣ የመዶሻ መንጋጋት ተሰማ። ሴትዮዋ አልተነሣችም። ይስበር፣ የራሱን ነው የሚሰብረው፣ አለች በሆዷ። ዕቃው መውደቁን ሲያቆም የእግር ኮቴ መጣ፣ መጋረጃው ከነዘንጉ ወረደ።

በሩን ተሸክሞ ነበር። በኮላ ጠብታ ተዥጎርጉሯል፣ በመጋዝ ተሸንትሯል፣ አንድ ጥጉ ተቃጥሏል። ያንን ሁሉ የሰው አልጋ የተሸከመ የእሷ በር ነው። አናጢው ማጠፊያውን ገጠመ፣ ታችኛውን ጠርዝ ላገው፣ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። በሩ ወለሉን አልነካም። 

ሴትዮዋ ከአልጋዋ ወርዳ ትከሻውን ገፋ አድርጋ ወደ ውጭ አወጣችውና በሩን ዘጋችው። ተመልሳ ተኛች። ንዴቷ አልበረደም፤ ብዙ ዓመት የተከማቸ በአንድ በር አይበርድም።

ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። በሩ ከተነቀለ ወዲህ በዚያ ክፍል ሲንኳኳ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ፈልገህ?»

 «መንገድ አድክሞኛል። ልተኛ ነበር» አለ።

«ጠብቅ» አለችው። «ገና ተኝቼ አልጠገብኩም።»

አናጢው በሩን ተደግፎ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ሲል ሰማችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበች፣ እሱም ጠበቀ።